የእኛ መብረቅ

መስከረም 20 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ባሕር ማዶ ሆና አጎቷን ላልረሳችው፤

ጤናሽን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። የእኔን ከጠየቅሽ ጉልበቴ ሲያማርር ይውላል፤ እኔ ግን አላማርርም። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የሚቆጣኝ ሰው ስለጠፋ ትንሽ ወፈርኩ እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም።

ስልክ ለምን አይዙም ብለሽ ነበር። የስልክ ነገር አይጥመኝም። ወሬው ሳልይዘው ያመልጠኛል። ደብዳቤ ግን ኪሴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ብዘገይም ራሴ ነኝ የማነበው፤ ማንም አያነብልኝም። ፊደሉን ስላተለቅሽልኝ ተባረኪ። ዓይኔ ደክሞ እንዳይመስልሽ ብቻ።

የላክሽው ጨዋታና ትልቁ ስክሪን ደርሰውኛል። ሶፋ እሠራበት የነበረው ክፍል አሁን የለየለት ጌም ቤት ሆኗል። አግዳሚዎቹን ራሴ ሠራኋቸው፤ ስፖንጁን አልሰሰትኩበትም፤ የተቀመጠ መነሳት አይፈልግም። ደንባችን ተሸናፊ ይነሳል ነው። አልነሳም ያለ ካለ "ፊውዙን እነቅለዋለሁ!" እላለሁ። እስከ ዛሬ ነቅዬ አላውቅም፤ ማስፈራራቱ ይበቃል። በዚህ ምክንያት ስሜ ጋሼ ፊውዝ ሆኖ ቀርቷል።

የጨዋታውን የመጨረሻ ጭራቅ ምን እንዳሉት ታውቂያለሽ? አከራዩ። የመጣውን ሁሉ ከነጓዙ እያስወጣ ስለሚጥል። እሱ ሲመጣ ያ አንቺ የሠራሽው መብረቅ ይጀምራል። ጉድ እኮ ነው! ስክሪኑ ነጭ ጥቁር፣ ነጭ ጥቁር ሲል ግድግዳው ሁሉ አብሮት ይበራል፣ አብሮት ይጠፋል። እኔም ቶሎ ብዬ አምፖሉን አጠፋለሁ፣ በሩን ገፋ አደርገዋለሁ፤ በደንብ እንዲታይ። "ጠጋ በሉ፣ ይኼን የሠራችው የወንድሜ ልጅ ናት" እላቸዋለሁ። "ጋሼ፣ ትናንትም ነግረኸናል" ይሉኛል። "ዛሬም ስሙ!" እላቸዋለሁ።

እህትሽ ከፀጉር ቤት ስትወጣ ትመጣና ጎረምሳውን ሁሉ ተራ በተራ ታስነሳዋለች። አከራዩን ለመጣል የቀራት ትንሽ ነው። ልጄ ስለሆነች አይደለም የምልሽ።

ከመጫወቻ እጀታዎቹ የአንዱ ቁልፍ ተጣብቋል። ቢገኝ አንድ ላኪልኝ። ባይገኝም ግድ የለም፤ አጎቴ ለመነኝ እንዳትይ።

የአባትሽ ወንድም

ጥቅምት 22 ቀን

ለአጎቴ፣ በአባቴ ፋንታ ለቀሩልኝ፤

ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ቤትዎን ሰላም ያድርግልኝ። ደብዳቤዎን ምሳ ሰዓት ላይ አነበብኩና ጋሼ ፊውዝ ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። እዚህ ክፍል ውስጥ ሰው ሲስቅ ሁሉም ቀና ብሎ ያያል። መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ዝግ ነው፤ የውጭ ብርሃን ከገባ የስክሪኑ ቀለም ያሳስተናል። ከወንበሬ ስነሳ ደረጃው ሁሉ የሚርገበገብ ይመስለኛል። ድካም ነው፤ ያልፋል።

እጀታውን ልኬያለሁ። ዛሬ ግን እኔም ልለምንዎ ነው።

ጨዋታውን ከሚጫወቱ ሰዎች ሁለቱ ለመሥሪያ ቤታችን ጽፈው ነበር። አንዱ ዓይኔን አመመኝ፣ ራሴን አዞረኝ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ "ወንድሜ መብረቁ ላይ ሲደርስ ሰውነቱ ደርቆ፣ ተንቀጥቅጦ ወደቀ" ይላል። እንዲህ ዓይነት ቶሎ ቶሎ የሚበራና የሚጠፋ ብርሃን የሚጥላቸው ሰዎች አሉ። ብዙ አይደሉም፤ ብዙዎቹም እስኪወድቁ ድረስ አያውቁትም። ለዚህ ብለን ጨዋታው ሲከፈት የሚመጣ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ አስቀምጠናል። መብረቁን የሚያለዝብ ማስተካከያም ውስጡ አለ። አለቃዬ "ያ ይበቃል" ይላል። እኔ ልቤ አላረፈም።

ጨዋታው ተሻሽሎ በብዙ አገር ሊወጣ ነው። ከወጣ በኋላ መንካት ከባድ ስለሆነ ከየአቅጣጫው ወሬ ሰብስቢ ተብያለሁ። ሰው ሲጫወት ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚያይ ከእርስዎ ሌላ ማንን አውቃለሁ? እባክዎ፣ የዞረበት፣ የደነዘዘ፣ የወደቀ ሰው ካለ ይንገሩኝ። መብረቁ የእኔ ሥራ ነው፤ የቡድኑ ኃላፊ ያደረጉኝም በሱ ነው። ቢሆንም አይዘኑልኝ፤ እውነቱን ይጻፉልኝ።

እህቴን ሳሙልኝ። ስደውል አታነሳም፤ ኮራች እንዴ?

ልጅዎ

ኅዳር 30 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። እጀታው ደርሶኛል። ደብዳቤሽም አልዘገየም፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ። ሥራ በዝቶ ነው።

የጠየቅሽኝን ባጭሩ ልመልስ። የለም። ማንም አልታመመም፣ ማንም አልወደቀም። ተቀምጦ የሚወድቅ ሰው የት አገር ነው ያለው? ወንበሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የእኔ ወንበር ሰው አይጥልም።

እኔን ብትሰሚኝ ይኼ ቅናት ነው። ሰው ከፍ ሲል ዓይን ይበዛበታል። አባትሽም ቢኖር ይኸንኑ ነበር የሚልሽ። መብረቃችንን እንዳታስነኪ። አጎቴ አይቶ፣ መርምሮ፣ ምንም የለም ብሏል ብለሽ ጻፊላቸው።

እህትሽ ደህና ናት። ሰሞኑን ጌም ቤት አትመጣም፤ ቤት ውስጥ ናት፤ ትንሽ ደክሟታል። ስልክ ባታነሳልሽ አትቀየሚያት፤ ፀጉር ቤት ሥራ በዝቶባት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንድ ጎረቤት አለኝ። ዘመዱ የሆነች ሴት አንዳንዴ ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ይቀርና ትወድቃለች፤ እጅና እግሯ ይንቀጠቀጣል፤ ስትነቃ ምን እንደሆነች አታውቅም። እዚያ አገር ለዚህ ምን ያደርጋሉ? መድኃኒት አለው? ለሰውዬው ብዬ ነው የምጠይቅሽ። ሌላ እጀታ አያስፈልገኝም።

የአባትሽ ወንድም

ታኅሣሥ 23 ቀን

ለአጎቴ፤

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ቃልዎ እንዴት እንዳሳረፈኝ ልነግርዎ አልችልም። "ከጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ በቅርብ የሚያውቀው ምንም የለም ብሏል" ብዬ ጻፍኩ። ሌሎቹም እንዲሁ አሉ። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። ጨዋታው በዚያው ሳምንት ወጣ።

የጎረቤትዎን ነገር እዚህ ሐኪም ጠየቅሁ። ስትወድቅ በጎኗ ያስተኟት። ራሷ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ፤ አጠገቧ ጠንካራ ነገር ካለ ያንሱ። አጥብቀው አይያዟት። አፏ ውስጥ ምንም፣ ምንም አይክተቱ። ቶሎ ካልተዋት እየሮጡ ሐኪም ቤት ይውሰዷት፤ ቢተዋትም ሐኪም ሊያያት ይገባል። የሚታከም ነገር ነው። የሚያሳፍርም አይደለም፤ ይኼን ለሰውዬው ይንገሩልኝ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እህቴ ቤት ናት፣ ደክሟታል አሉኝ። ወዲያው ደግሞ ፀጉር ቤት ሥራ በዝቶባት ነው አሉኝ። የቱ ነው? ጎረቤትዎስ ማን ነው?

አሁንም እደውልላታለሁ፤ አታነሳም። እኔም ሲደክመኝ እተወዋለሁ። ከሥራ ስወጣ የሰው ድምፅ ለመስማት እንኳ ጉልበት አይኖረኝም።

ልጅዎ

ጥር 14 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

እንደምን አለሽ። እኔ አለሁ።

ጎረቤቱን አታውቂውም። አዲስ ነው።

አፏ ውስጥ ምንም አይክተቱ ያልሽው ዘግይቶ ደረሰ። ሰውዬው ምላሷን እንዳትነክስ ብሎ የማንኪያ እጀታ አስገብቶ ነበር። ለክፉ አይደለም። ደንግጦ ነው። ሰው ሲደነግጥ ያገኘውን ነው የሚያነሳው።

የፊት ጥርስ ከሥሩ ቢሰበር እዚያ አገር መልሰው ይተክላሉ? የፊት ነው። ሴት ልጅ ናት፤ ከሰው ፊት ቆማ የምትሠራ። አሁን ስታወራ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

የአባትሽ ወንድም

የካቲት 1 ቀን

አጎቴ፤

ሰላምታውን ይለፉልኝ። ጥርሱ የማን ነው?

የእህቴ ነው፤ አይደል? መቼ ነው የወደቀችው? የት? አከራዩ ፊት ነው? አምፖሉን አጥፍተው ነበር?

አይቆጡኝ፤ አያጽናኑኝ። ይንገሩኝ ብቻ። ሌላ ደብዳቤ እስክጽፍልዎ ድረስም የጨዋታውን ማሽን አያብሩት፤ ቢያበሩትም እሷን ከዚያ ክፍል ያርቁልኝ።

ልጅዎ

የካቲት 22 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ይኼን ደብዳቤ ስትከፍቺ አምላክ ልብሽን ያጽናው።

የእህትሽ ነው።

እንዳልናገር አስምላኝ ነበር። "አባዬ፣ የምትወድቅ ሴት መቀስ ስትይዝ ማን አንገቱን ይሰጣታል? አንድ ሰው ከሰማ እንጀራዬ ተቆረጠ" አለችኝ። ማልኩላት። አሁን መሐላዬን እያፈረስኩ ነው የምጽፍልሽ። እንደምጽፍልሽም ነግሬያታለሁ። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ምግቤን አቅርባልኝ ትወጣለች።

የመጀመሪያው እንዲህ ነው። አከራዩን ልትጥለው ደርሳ ነበር። ክፍሉ ጢም ብሏል። አምፖሉን አጠፋሁ። "አባዬ፣ አብራው፣ ዓይኔን አንድ ነገር እያደረገኝ ነው" አለች። እኔ ደግሞ ምን አልኳት? "ትንሽ ነው የቀረሽ፣ ሰው እያየሽ ነው።" እጀታው ከእጇ ወደቀ። ቀጥላ እሷ ወደቀች። ጎረምሶቹ ለቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ ማንም አልሳቀም። ቁርስ ሳትበላ ስለዋለች ነው አልኩ። ሁሉም አመነኝ፤ እኔም አመንኩ።

ከዚያ ያንቺ ደብዳቤ መጣ። ልናገር ወይስ ልተው እያልኩ ከኪሴ አወጣዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። የወደቀ አለ ብዬ ብጽፍ ወንበርሽን ይነጥቁሻል። ዝም ብል ደግሞ ልጄ አለች። ስለዚህ ልፈትን አልኩ። መብረቃችን አለመሆኑን በዓይኔ ባይ እፎይ እላለሁ ብዬ። እህትሽን ለመንኳት። ሰው ሳይኖር በሩን ዘግቼ አስቀመጥኳት፤ ቁርሷንም አብልቻታለሁ። "ይኸው፣ አሁን ምንም አትሆኚም" አልኳት። እሺ አለችኝ። ለኔ ብላ ነው እሺ ያለችው። እንደገና ወደቀች፤ ማንኪያውን ያስገባሁት ያን ጊዜ ነው።

ያን ሁሉ አይቼ፣ የለም ብዬ ጻፍኩልሽ። አንዷን ልጅ መሬት ላይ አስተኝቼ ሌላዋን ያዳንኩ መስሎኝ።

ማስጠንቀቂያ አለ ብለሽ ነበር። አዎ፣ አለ፤ አይቼዋለሁ። ጠዋት ማሽኑን ስከፍት ይመጣል። ያን ጊዜ እኔና መጥረጊያዬ ብቻ ነን ክፍሉ ውስጥ ያለነው። የዚያን አገር ፊደል አላውቀውም። ጌጥ ነበር የመሰለኝ። አንድ ቁልፍ እጫናለሁ፣ ይሄዳል። ከዚያ እስክዘጋ ድረስ ማሽኑ አይጠፋም፤ አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ይቀመጣል። ያንን ጽሑፍ ከእኔ በቀር ያየው ሰው የለም።

አትቆጪኝ አልልሽም። ተቆጪኝ።

የአባትሽ ወንድም

መጋቢት 19 ቀን

ለአጎቴ፤

ልቆጣዎ ወረቀት አወጣሁ፤ አልሆነልኝም። ዕድሜዎን ያርዝመው፤ እህቴንም ይማርልኝ። ከዚህ ሌላ ምርቃት ዛሬ አልመጣልኝም።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን አለቃዬ ጋ ገባሁ። "የወደቀች ሰው አለች፣ የአጎቴ ልጅ ናት" አልኩት።

"ታዲያ ምንም የለም ብለሽ ለምን ጻፍሽ?" አለኝ።

አጎቴ ነው ያለኝ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "በደንብ አላጣራሁም" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ልጅ እያለሁ ዕቃ ስሰብር አባቴ እንዲያ ያየኝ ነበር።

ተሰብስበው ተነጋገሩ። መብረቁ ለሁሉም ሰው እንዲለዝብ ተወስኗል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ እስከዚያ ድረስ ጨዋታው እንዳለ በየቤቱ ይከፈታል። የእርስዎን ማሽን ነገርም አነሳሁ። "ሰው በተቀየረ ቁጥር ማስጠንቀቂያው ይምጣ" አልኳቸው። "ሰው መቀየሩን ማሽኑ በምን ያውቃል?" አሉኝ። እዚህ ሁሉም ሰው ብቻውን በገዛ ቤቱ የሚጫወት ነው የሚመስላቸው። እኔም የእርስዎን ክፍል እያወቅሁ አንድ ቀን አላሰብኩትም።

እኔን ከቡድኑ አንስተውኛል። አሁን ሣር ላይ ነኝ። ነፋስ ሲነካው እንዴት ዘንበል እንደሚል እሠራለሁ። ለዓይን ጥሩ ነው ይላሉ። አይዘኑ፤ ደክሞኝም ነበር።

ከዚህ ጋር በእጄ የሳልኩት ወረቀት አለ። ስክሪኑ ላይ የፀሐይ ምልክት ያለበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ምልክቱ እስኪደበዝዝ ድረስ ይጫኑት። መብረቁ ይተኛል። አምፖሉ ሁልጊዜ ይብራ። አግዳሚዎቹን ወደ ኋላ ይሳቡ። እህቴ ግን ሐኪም ፈቅዶላት እስካልሆነ ድረስ፣ ለዝቦም ቢሆን፣ ስክሪኑን አትይ።

ደብዳቤ ጽፌላታለሁ። መልስ አልጠብቅም።

ልጅዎ

ሚያዝያ 25 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ሣር ለምታበቅለው፤

የያዝሽው ሥራ ይቅናሽ፤ ዓይንሽም ይረፍ። አንቺ እኔን ከአለቃሽ ፊት ሸሽገሽኛል። እኔ አንቺን ልሸሽግ ብዬ ያደረግሁትን ታውቂያለሽ። ዘር ነው መሰለኝ፤ እንግዲህ ከዚህ ወዲያ እንተወው።

ፀሐዩን አገኘሁት፤ አደበዘዝኩት። አግዳሚዎቹን ወደ ኋላ ሳብኳቸው። አምፖሉ በርቶ ይውላል።

ደንበኞቼ አለቀሱብኝ። "ጋሼ ፊውዝ፣ መብረቁን ምን አደረግከው? አከራዩ እኮ ደከመው!" ይላሉ። አንዱ "መብራት ሊቆጥብ ነው" አለ። ሌላው "የወንድሜ ልጅ ያልከን ውሸትህን ነበር ማለት ነው" አለኝ። ፊት ቢሆን በጆሮው ይዤ አወጣው ነበር። አሁን "እሷ ናት የሠራችው፣ እሷው ናት ይለዝብ ያለችው። ሰው ይጥላል" አልኩት። "ማንን ጣለ?" አለ። የመጀመሪያው ቀን የሳቁት እዚያው ተቀምጠው ነበር። ሁሉም ወደ መሬት አቀረቀሩ። ሁለቱ ወጥተው አልተመለሱም። ማዶ ሌላ ጌም ቤት ተከፍቷል፤ እዚያ መብረቁ እንዳለ ነው፤ ጨለማም ነው ይላሉ። ለባለቤቱ ሄጄ ነገርኩት። "ገበያ አጣህና ነው" አለኝ። ነገም እሄዳለሁ።

እህትሽን ሐኪም አይቷታል። መድኃኒት ትወስዳለች፤ ከጀመረች ወዲህ አልወደቀችም። ጥርሷ ገና ነው። ለፀጉር ቤቱ ባለቤት ራሷ ነገረቻት፤ እኔ ካወራሁ በኋላ መደበቁ ምን ይሠራል ብላ መሆን አለበት። መቀሱን ለጊዜው ተቀብላት ራስ ማጠብ ላይ አዞረቻት። ጥቂት ደንበኞች ሸሹ። አንዷ ግን "እኔ የምፈልገው እጅሽን ነው" ብላ ራሷን ለማሳጠብ ብቻ ትመጣለች።

እኔን ግን አላናገረችኝም። ይቅርታ አልኳት፤ ሳህኑን አንስታ ወጣች። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው እያለን የሚሰማው የበር ድምፅ ብቻ ነበር።

ትናንት ጌም ቤቱ ባዶ ሆኖ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ ገባች። ልብሷ እርጥብ ነው፤ ከሥራ መውጣቷ ነው። አግዳሚውን አዞረችና ጀርባዋን ለስክሪኑ ሰጥታ ተቀመጠች። እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። ምን እንደፈለገች ወዲያው አልገባኝም። እጀታውን ነው። ሰጠኋት።

ግድግዳ ግድግዳውን እያየች መጫወት ጀመረች። እኔ ቆሜ እነግራታለሁ። ድልድዩ መጣ፣ ዝለይ። ከቀኝ መጡብሽ። አሁን ማንም የለም፣ ሂጂ። ስንቱን አለፈች መሰለሽ! ያንን መንገድ በልቧ ነው የምታውቀው። አከራዩ ጋ ደረስን። ምን እንደሚያደርግ ልነግራት ዓይኔን አፍጥጬ ቆምኩ። ለዝቧል ያልሽው መብረቅ እንዴት እንደሚመጣ ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት፤ የማሾ ነበልባል ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ሲል እንደማለት ነው። ያንን ሳይ አከራዩ እጁን ማንሳቱን ዘነጋሁት። "በግራ!" ስል ዘግይቼ ነበር።

ስክሪኑ ላይ ሲሞቱ የሚመጣው ጽሑፍ መጣ። እሷም በእጀታው መንቀጥቀጥ አወቀች።

"አንተ ነህ ያስገደልከኝ" አለችኝ፤ ወደ ግድግዳው እያየች። ካኮረፈች ወዲህ ከአፏ የሰማሁት ቃል ይኸው ነው።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኳት።

እጀታውን አላስቀመጠችም።

የአባትሽ ወንድም